ማንጋን ከጃፓን ውጭ ሆኖ ማንበብ፦ በሕጋዊ መንገድ፣ ኪስ ሳይጎዳ

ማንጋ፣ ማለትም የጃፓን ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ)፣ የሚያነብ ወጣት እዚህ አገር ብዙ ነው። አብዛኛው ግን የሚያነበው ከተሰረቀ ሳይት ላይ ነው። ለምን ሲባል መልሱ ያው ነው፤ «እኛ ጋ ሌላ መንገድ የለም፣ ቢኖርም ዶላር ይጠይቃል።» ይሄ እውነትነቱ በከፊል ነው። አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ቁጭ ብሎ፣ ምንም ሳይከፍሉ፣ አዲሱን ምዕራፍ፣ ሥራው የሚታተምበት መጽሔት ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ በሚወጣበት ሰዓት ማንበብ ይቻላል። ክፍያ የሚያስፈልገው ከዚያ በላይ ሲፈለግ ነው። እሱም ቢሆን የት እንደሚከፈል ለሚያውቅ ሰው ከሚወራው ያነሰ ነው።

ውጭ ላላችሁትም ይሄ ጽሑፍ ይጠቅማችኋል። አንድ ቅጽ (ምዕራፎች ተሰብስበው የሚታተሙበት መጽሐፍ) ቶኪዮ ውስጥ የሚሸጥበትና አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሚሸጥበት ዋጋ በጣም ይራራቃል፤ የሚራራቅበትን ምክንያት ካወቃችሁ በርካሹ መንገድ መግባት ቀላል ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ አሳታሚውን እወቁ

አብዛኛው ሰው ፍለጋውን የሚጀምረው ከማንጋው ስም ነው። እኔ የምመክረው ከአሳታሚው ስም እንድትጀምሩ ነው። ምክንያቱም አፑንም፣ ዋጋውንም፣ አገራችሁ ላይ መከፈት አለመከፈቱንም የሚወስነው አሳታሚው ነው።

ጃፓን ውስጥ ትልልቆቹ ሦስት ናቸው፤ ሹኤይሻ፣ ኮዳንሻ እና ሾጋኩካን። ከእነሱ ቀጥሎ ካዶካዋ እና ስኩዌር ኢኒክስ ይመጣሉ። ዋን ፒስ የሹኤይሻ ነው። ብሉ ሎክ የኮዳንሻ ነው። ፍሪረን የሾጋኩካን ነው። ፉልሜታል አልኬሚስት የስኩዌር ኢኒክስ ነው። የምትወዱት ሥራ የማን እንደሆነ ለማወቅ ዊኪፒዲያ ላይ ስሙን አስገቡና በስተቀኝ ያለውን ሣጥን ተመልከቱ። የጃፓኑ አሳታሚና የእንግሊዝኛው አሳታሚ ለየብቻ ተጽፈው ታገኛላችሁ። ሁለቱንም ያዙ።

የእንግሊዝኛው አሳታሚ ለምን ያስፈልጋል? የማንጋ መብት የሚሸጠው በቋንቋና በአገር ተቆራርጦ ስለሆነ ነው። ለምሳሌ አሜሪካ ያለው ቪዝ የሹኤይሻና የሾጋኩካን ንብረት ነው፤ የሁለቱን ሥራዎች በእንግሊዝኛ ያወጣል፣ አፑ ግን የሚሠራው በተወሰኑ አገሮች ብቻ ነው። «በአገርዎ አይገኝም» የሚለው መልእክት ስልካችሁ ላይ ሲመጣ የስልኩ ወይም የኢንተርኔቱ ችግር አይደለም። መብቱ ለእናንተ አገር አልተሸጠም ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ነጻውን በደንብ ተጠቀሙበት

ኢትዮጵያ ላለ አንባቢ ትልቁ በር ማንጋ ፕላስ ነው። ሹኤይሻ ራሱ በጥር 2019 እ.ኤ.አ. የከፈተው አገልግሎት ነው። የማይሠራው በጃፓን፣ በቻይናና በደቡብ ኮሪያ ብቻ ነው፤ እነሱ የራሳቸው አገልግሎት አላቸው። ሌላው ዓለም በሙሉ ክፍት ነው፣ እኛም አለንበት። አማርኛ የለውም። እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽ፣ ጀርመንኛና ሌሎችም ግን አሉት፤ አውሮፓ የሚያድጉ ልጆች ባሉበት ቋንቋ ሊያነቡት ይችላሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አፑን ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር አውርዱ። ሲከፈት ቋንቋ ይጠይቃችኋል፣ ምረጡ። የምትፈልጉትን ሥራ ስትነኩት የምዕራፎች ዝርዝር ይወጣል። በተለምዶ የመጀመሪያዎቹ ሦስትና የመጨረሻዎቹ ሦስት ምዕራፎች ለማንኛውም ሰው ነጻ ናቸው። የመካከሉ ይዘጋል። ነገር ግን አፑ ላይ በርካታ ሥራዎች እያንዳንዱን ምዕራፍ አንድ ጊዜ በነጻ እንድታነቡ ይፈቅዳሉ። ይሄ ዌብሳይቱ ላይ የለም፣ ስለዚህ አፑን መጫን ዋጋ አለው። የአንድ ጊዜ መሆኑን ግን አትርሱ። ሚኒባስ ውስጥ ሆናችሁ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ምዕራፉን አትክፈቱት፤ ቤት ወይም ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሱ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

ስለ ዳታ ካነሳን ደግሞ፣ ማቀናበሪያው ውስጥ የምስል ጥራት የሚመረጥበት ቦታ አለ። ዝቅተኛውን ብትመርጡ በስልክ ስክሪን ላይ ጽሑፉ በደንብ ይነበባል። አንድ የሳምንት ምዕራፍ 20 ገጽ አካባቢ ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ ደግሞ ሙሉ ምስል ስለሆነ በሞባይል ፓኬጅ ለሚያነብ ሰው ልዩነቱ ቶሎ ይታወቃል።

ሰዓቱንም ያዙ። ሳምንታዊው የሹኤይሻ መጽሔት ሾነን ጃምፕ ጃፓን ውስጥ የሚወጣው ሰኞ ነው። አዲሱ ምዕራፍ የሚለቀቀው ልክ ሰኞ ሲገባ፣ በጃፓን እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር እሁድ ማታ 12 ሰዓት መሆኑ ነው። ሪያድም ከእኛ ጋር እኩል ነው፣ ዱባይ አንድ ሰዓት ይቀድማል፣ ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ገና የእሁድ ረፋድ ነው። ከዚያ በፊት ሐሙስና ዓርብ ላይ በቴሌግራም የሚዞረው ሁሉ መጽሔቱ ሱቅ ሳይደርስ ተሰርቆ የወጣ ነው። ሁለት ሦስት ቀን መታገስ ነው ያለው ልዩነት፤ በትርጉሙም በምስሉም ጥራት የሚያስቆጭ አይደለም።

ዓረብኛ ለሚያነቡ፣ በተለይ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ላደጉ ልጆች፣ ማንጋ ዓረቢያ የሚባል የሳዑዲ አገልግሎት አለ። በ2021 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን ለሕፃናትና ለወጣቶች የተለያዩ መጽሔቶችን ያወጣል፤ ሲጀምር በነጻ ነበር።

ደረጃ 3፦ ወርሃዊ ክፍያ ይጠቅማችሁ እንደሆነ አስሉ

እንግዲህ ነጻው ካልበቃችሁ ቀጣዩ ወርሃዊ ክፍያ ነው። እዚህ ላይ የምትኖሩበት አገር ይለያችኋል።

ኢትዮጵያ ላላችሁ፦ ማንጋ ፕላስ ማክስ የሚባል ክፍያ ያለው ደረጃ በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አካባቢ ጀምሯል። ሲጀምር ሁለት ዋጋ ነበረው፤ 1.99 ዶላርና 4.99 ዶላር በወር። ርካሹ አሁን እየወጡ ያሉትን ሥራዎች ይከፍታል፣ ውዱ ያለቁትንም ይጨምራል። የምትፈልጉት አንድ በመውጣት ላይ ያለ ሥራ ከሆነ ለውዱ መክፈል አያስፈልግም። ከመክፈላችሁ በፊት የሥራውን ገጽ ክፈቱና የተዘጉት ምዕራፎች ላይ የትኛው ደረጃ እንደተጻፈ እዩ።

አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ሕንድ፣ ሲንጋፖር ወይም ፊሊፒንስ ላላችሁ፦ የቪዝ ሾነን ጃምፕ አፕ ክፍት ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ሲጀምር 1.99 ዶላር ነበር፣ ኋላ ወደ 2.99 ከፍ ብሏል። በቀን እስከ 100 ምዕራፍ ድረስ ማንበብ ይቻላል። ለእኔ ከማንጋ ክፍያዎች ሁሉ ለገንዘቡ የሚበልጥ የለም። ዋን ፒስን ውሰዱ። ከ100 ቅጽ በላይ አለው። አንዱን ቅጽ በወረቀት በ11.99 ዶላር ብትገዙ 100ው ብቻ 1,199 ዶላር ይመጣል። ምዕራፎቹ ከ1,100 አልፈዋል፤ በቀን 100 ለሚያነብ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልቃሉ፣ እንደዚያ ማንበብ ባትችሉና አንድ ዓመት ቢፈጅባችሁ እንኳ የከፈላችሁት 36 ዶላር አይሞላም። ቪዝ ማንጋ የሚባል ሌላ አፕም አለው። እሱ ደግሞ የሾጋኩካንን ሥራዎች ጨምሮ ከጃምፕ ውጭ ያሉትን ይይዛል፣ ክፍያውም ለብቻው ነው።

አንዳንዱ ቪፒኤን (ያለበትን አገር የሚደብቅ አፕ) ከፍቶ የአሜሪካ ሰው መስሎ ይመዘገባል። አልመክርም። የአገልግሎቱን ውል መጣስ ነው፣ አካውንቱ ከተዘጋ ደግሞ የከፈላችሁትም አብሮ ይሄዳል። ጉግል ፕሌይም ቢሆን አገር መቀየር የሚፈቅደው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም የዚያ አገር መክፈያ ካላችሁ። ማንጋ ፕላስ ክፍት ሆኖ ሳለ ይሄ ሁሉ ድካም ለምን?

ደረጃ 4፦ ከኢትዮጵያ ሆኖ መክፈል

እውነተኛው ችግር እዚህ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ማንኛውም የዶላር ክፍያ በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ያም ሆኖ 1.99 ዶላር በወር የሚከብደው ከዋጋው ይልቅ መክፈያው ስለሚጠፋ ነው። ተራው የብር ኤቲኤም ካርድ ውጭ አገር ያለ ድርጅት ላይ አይሠራም። የሚያስፈልገው ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ዓለም አቀፍ ካርድ ነው፤ ባንኮቻችን ይህንን የሚሰጡት በዋናነት የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ላለው ሰው ነው። ከውጭ ገንዘብ የሚላክላችሁ ከሆነ ወይም ለውጭ ድርጅት በኦንላይን ሠርታችሁ በዶላር የሚከፈላችሁ ከሆነ፣ ባንካችሁ ሄዳችሁ እንዲህ ያለ ሂሳብ መክፈት እንደምትችሉ ጠይቁ።

ባንክ ስትሄዱ ጥያቄያችሁን በደንብ ይዛችሁ ሂዱ። ካርዱ ለኢንተርኔት ግብይት ክፍት ነው ወይ? ብዙ ጊዜ ካርዱ ቢሰጥም ይሄ አገልግሎት በጥያቄ ካልተከፈተ አይሠራም። የማረጋገጫ ኮዱ ወደ የትኛው ስልክ ይላካል? ቁጥራችሁን ከቀየራችሁ ክፍያው እዚያው ላይ ይቆማል። በየክፍያው ስንት ኮሚሽን ይቆረጣል? የ2 ዶላር ክፍያ ላይ የሚቆረጠው ከራሱ ከክፍያው ጋር ሊቀራረብ ስለሚችል ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። እንደዚያ ከሆነ በየወሩ ከመክፈል ይልቅ በአንድ ጊዜ በርከት ያለ ዲጂታል ቅጽ መግዛት ይሻላል።

ውጭ ያለ ዘመድ ይክፈልልኝ የምትሉ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከአሜሪካ የተገዛ የጉግል ፕሌይ ወይም የአፕል የስጦታ ካርድ የሚሠራው የአሜሪካ አካውንት ላይ ብቻ ነው። እዚህ ያለው አካውንታችሁ ላይ አይገባም። ብዙ ሰው ካርዱ ተገዝቶ ኮዱ በዋትስአፕ ከተላከለት በኋላ ነው የሚያውቀው፣ ያን ጊዜ ደግሞ የሚመልስ የለም። ዘመዳችሁ ገንዘብ ሊያወጣላችሁ ፈቃደኛ ከሆነ የታተመ መጽሐፍ ይግዛላችሁ። እሱን ደረጃ 7 ላይ እንመለስበታለን።

ደረጃ 5፦ የነጥብና የትኬት አፖች

ወርሃዊ ክፍያ ሳይሆን በነጥብ የሚሠሩም አሉ። የኮዳንሻ ኬ ማንጋ በ2023 እ.ኤ.አ. ግንቦት አሜሪካ ብቻ ጀመረ፣ ከዚያ ወደ ሌሎች አገሮች እየሰፋ መጣ። የስኩዌር ኢኒክስ «ማንጋ አፕ» (Manga UP!) የሚባለው ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተከፈተ። ሁለቱም በየቀኑ የተወሰነ ነጻ ትኬት ወይም ነጥብ ይሰጣሉ፣ ከዚያ በላይ ለማንበብ ነጥብ መግዛት ነው። አዲሶቹ ምዕራፎች አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ትኬት አይከፈቱም።

በቀን አንድ ምዕራፍ ለሚበቃው ሰው እነዚህ አፖች ጥሩ ናቸው፣ ምንም ሳይከፍል ረጅም ሥራ ሊጨርስ ይችላል። ተከታታይ ካላነበብኩ ለሚል ሰው ግን ውድ ናቸው። ነጥቡ ዋጋውን ስለሚሸፍነው ማስላት ያስፈልጋል። የአንዱን ምዕራፍ ነጥብ ወደ ገንዘብ ቀይሩት። ሥራው ሳምንታዊ ከሆነ በአንድ ቅጽ ውስጥ ያለው ከ8 እስከ 10 ምዕራፍ ነው፣ ወርሃዊ ከሆነ 4 አካባቢ ነው። አባዙት። ከዚያ ያንኑ ቅጽ በዲጂታል ስንት እንደሚሸጥ እዩ። ምዕራፍ በምዕራፍ የሚመጣው ዋጋ ከቅጹ ዋጋ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ፣ ቅጹን ግዙ። ቅጹ ቢያንስ ሱቁ እስካለ ድረስ ከመደርደሪያችሁ ላይ አይጠፋም።

ደረጃ 6፦ ዲጂታል ቅጽ መግዛት

ዲጂታል ቅጽ ለመግዛት ሁለቱ ታዋቂ ቦታዎች የአማዞን ኪንድልና ቡክዎከር ናቸው። ቡክዎከር የካዶካዋ ነው። በእንግሊዝኛም በጃፓንኛም የተለያየ ሱቅ አለው፣ ከበርካታ አሳታሚዎች ይሸጣል፣ ስትገዙ ለሚቀጥለው ግዢ የሚቀነስ ኮይን ይመልሳል። ሁለቱም ላይ መጽሐፉን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል። መብራትና ኔትወርክ ለሚያስቸግረው ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

በመደበኛ ዋጋ አትግዙ። ዲጂታል ማንጋ ቅናሽ የሚበዛበት ዕቃ ነው። ጃፓን ውስጥ ሳይቀር እንዲህ ነው፤ እዚያ አዲስ የታተመ መጽሐፍ አሳታሚው ከወሰነለት ዋጋ በታች አይሸጥም፣ ሱቁ ሁሉ አንድ ዋጋ ነው፣ ዲጂታሉን ግን ይሄ ደንብ አይነካውም። ስለዚህ ቅናሽ የሚገኘው ዲጂታሉ ላይ ነው። ከአንድ ማንጋ የተሠራ አዲስ አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) ሊጀምር ሲል የዚያ ሥራ የመጀመሪያዎቹ ቅጾች ሲረክሱ ወይም በነጻ ሲለቀቁ ታያላችሁ። የምትፈልጉትን ዝርዝር አስቀምጡና ጠብቁ።

ከመግዛታችሁ በፊት የመጽሐፉን ገጽ ከራሳችሁ አካውንት ገብታችሁ ክፈቱት። አንዳንዱ ሥራ ለአንዳንድ አገር አይሸጥም፣ ይሄም የሚታየው ያኔ ነው። ሌላው ልታውቁት የሚገባ ነገር፣ የገዛችሁት የማንበብ ፈቃድ ነው። ሱቁ ከተዘጋ መጽሐፉም አብሮ ሊዘጋ ይችላል። ጄማንጋ የሚባል አገልግሎት በ2011 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ በ2013 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ ሰዎች የገዟቸው መጻሕፍት አብረው ጠፍተውባቸዋል። በጣም የምትወዱትን ሥራ በወረቀት ያዙት የምለው ለዚህ ነው።

ደረጃ 7፦ የታተመ መጽሐፍ፣ ባሉበት አገር

አሜሪካ ውስጥ የአንድ ቅጽ ዋጋ እንደ አሳታሚው ይለያያል። የቪዝ ተራ ቅጾች ድሮ 9.99 ነበሩ፣ አሁን 11.99 ዶላር ገብተዋል። የን ፕሬስ የሚባለው አሳታሚ ዋጋ ከዚያም ይበልጣል። ረጅም ሥራ የምትጀምሩ ከሆነ ሦስት ቅጽ በአንድ የተጠረዘውን እትም ፈልጉ። ቪዝ እንደ ዋን ፒስ፣ ናሩቶና ብሊች ያሉትን እንዲህ አድርጎ አውጥቷል። ዋጋው 15 እና 17 ዶላር መካከል ስለሚሆን አንዱ ቅጽ በ5 እና በ6 ዶላር መካከል ይወጣል፤ ግማሽ ዋጋ ማለት ነው። ወረቀቱ ትንሽ ሳሳ ይላል፣ እኔ ግን ለንባብ እሱን እመርጣለሁ።

አሜሪካ ላላችሁ ከሁሉም በፊት ግን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ። ዲሲ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ፌርፋክስ፣ አሌክሳንድሪያ፣ የት እንደምትኖሩ የሚያሳይ ማስረጃ ይዛችሁ ብትሄዱ ካርድ በነጻ ይሰጧችኋል። መደርደሪያው ላይ ያለውን ተውሳችሁ መሄድ ነው፤ የሌለውን ከሌላ ቅርንጫፍ ያስመጡላችኋል። በዚያው ካርድ ሊቢ የሚባለው አፕ ላይ ዲጂታል ማንጋ መዋስ ይቻላል፤ ተፈላጊ ከሆነ ወረፋ አለው። ቤተ መጻሕፍታችሁ ሁፕላን ከያዘ ደግሞ ወረፋ የለም፣ ግን በወር የምትዋሱት ቁጥር የተወሰነ ነው። ልጆቻችሁ ማንጋ ግዙልን እያሉ የሚያስቸግሯችሁ ወላጆች ከዚህ ጀምሩ። ሲመዘገቡ አብራችኋቸው ሁኑ፣ የዕድሜ ደረጃውንም አብራችሁ እዩ፤ ማንጋ ሁሉ ለልጅ የተጻፈ አይደለም።

አውሮፓ ላይ ሌላ ነገር አለ። ፈረንሳይ ከጃፓን ውጭ ካሉት ትልልቅ የማንጋ ገበያዎች አንዷ ናት፤ አንድ ተራ ቅጽ 7 ዩሮ አካባቢ ይገኛል። የመጽሐፍ ዋጋ እዚያ በሕግ የተወሰነ ስለሆነ ሱቅ ለሱቅ መዞር ብዙም አያዋጣም፤ ከ5 ከመቶ በላይ መቀነስ አይፈቀድም። ጀርመንም የመጽሐፍ ዋጋ የተወሰነ ነው። እዚያ ላላችሁ የሚያዋጣው ያገለገለ መግዛት ነው። ሁለት ቋንቋ የምታነቡ ከሆነ ደግሞ ዋጋ ስታወዳድሩ ቋንቋውንም አወዳድሩ፤ አንዱ ሥራ በፈረንሳይኛ ከእንግሊዝኛው በብዙ የሚረክስበት ጊዜ አለ።

ዱባይ ያላችሁ ዱባይ ሞል ውስጥ ያለውን ኪኖኩኒያን እዩት። የጃፓን መጽሐፍ መደብር ነው፣ የእንግሊዝኛውም የጃፓንኛውም ማንጋ አለው። በዋጋ ርካሽ ነው አልልም። ገልጦ አይቶ መግዛት ለሚፈልግ ግን በአካባቢው እንደሱ ያለ ማግኘት ይከብዳል።

ኢትዮጵያ ላላችሁ ታትሞ እጃችሁ የሚገባበት አስተማማኝ መንገድ ያው የምናውቀው ነው፤ የሚመጣ ሰው። አክስት ወይም የአጎት ልጅ ከዲሲ ሲመጣ ማስመጣት። አንድ ተራ ቅጽ 200 ግራም አካባቢ ስለሚመዝን አምስቱ ኪሎ ይሆናሉ። ሰው አታስጨንቁ፤ ሻንጣው ላይ ቦታ እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ከሦስትና ከአራት በላይ አትጫኑበት፣ ገንዘቡንም ቀድማችሁ ስጡ። የመጽሐፉን ስም ብቻ ብትነግሩት የተሳሳተ ቅጽ ወይም የሌላ ቋንቋ እትም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከኋላ ሽፋኑ ላይ ካለው ባርኮድ አጠገብ የሚጻፈውን ባለ 13 አሃዝ ቁጥር፣ አይኤስቢኤኑን፣ ከአሳታሚው ዌብሳይት ላይ ገልብጣችሁ በቴሌግራም ላኩለት። በዚያ ቁጥር የትኛውም የአሜሪካ መጽሐፍ መደብር ሳይሳሳት ያዝለታል። አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ መጻሕፍት የሚያስመጣ ሱቅ የምታውቁ ከሆነም ይህንኑ ቁጥር ይዛችሁ «ከሚቀጥለው ጭነት ጋር ታስመጡልኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ በቀጥታ ከጃፓን ማዘዝ

ጃፓንኛ የምታነቡ ወይም የምትማሩ ከሆነ፣ ወይም ዋናውን እትም መያዝ የምትፈልጉ ከሆነ ይሄ ለእናንተ ነው። ሌላው ሰው ሊዘለው ይችላል።

ጃፓን ውስጥ አንድ ተራ ቅጽ ከ500 እስከ 600 የን አካባቢ ነው፣ 10 ከመቶ የፍጆታ ግብር ተጨምሮበት። ወደ ውጭ ሲላክ ይህ ግብር ስለሚነሳ እንደ ሲዲጃፓን ያሉ ለውጭ ደንበኛ የሚሸጡ ሱቆች ያለ ግብር ያስከፍላሉ። አንዱን ቅጽ 520 የን ብንለው፣ 1 ዶላር ደግሞ 150 የን ብለን ብናሰላ፣ ቅጹ 3.50 ዶላር እንኳ አይሞላም። ከአሜሪካው 11.99 ጋር አስተያዩት።

ይሄ ቁጥር ግን የመላኪያውን አልያዘም። ወደ አፍሪካ በፈጣን ፖስታ ሲላክ መላኪያው ከመጻሕፍቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፣ በተለይ ሁለትና ሦስት ቅጽ ብቻ ካዘዛችሁ። ስለዚህ የምትመዝኑት የመጽሐፉን ዋጋ ሳይሆን ጠቅላላውን ነው፤ መጽሐፍ ሲደመር መላኪያ፣ ሲካፈል ለቅጾቹ ቁጥር። አብዛኞቹ ሱቆች ከመክፈላችሁ በፊት የመላኪያውን ግምት ያሳያሉ። መጀመሪያ በ3 ቅጽ አስሉት፣ ከዚያ በ10። የአንዱ ዋጋ እንዴት እንደሚወርድ ታያላችሁ። ከጓደኛ ጋር አብሮ ማዘዝ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ በመርከብ የሚላከው ሲኖር በጣም ይረክሳል፣ ወራት መጠበቅ ብቻ ነው።

ያገለገለ ለሚፈልግ ቡክ ኦፍ፣ ማንዳራኬና ሱሩጋያ አሉ፤ ያለቀ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ላይ ተጠርንፎ ከአዲሱ በብዙ ቀንሶ ይሸጣል። ቡክ ኦፍ ኒው ዮርክና ካሊፎርኒያም ሱቆች አሉት። ወደ ውጭ የማይልክ ሱቅ ሲገጥማችሁ እንደ ቡዬና ዜንማርኬት ያሉ ገዝተው የሚልኩ አሉ። እነሱ የራሳቸውን ክፍያ ይጨምራሉ፣ አንዳንዱም በየዕቃው ስለሚያስከፍል አሥር ነጠላ መጽሐፍ ከአሥር ሻጭ መግዛት ኪሳራ ነው። አንድ ሙሉ ስብስብ ከአንድ ሻጭ ግዙ።

ዕቃው ሲደርስ ደግሞ ጉምሩክ አለ። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከውጭ በሚገባ ማንኛውም ዕቃ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጠይቃሉ፣ ትንሽ ነው ተብሎ የሚታለፍ የለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ጥቅሉ ቤት ድረስ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ፤ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይኑራችሁ፣ ስልክ ቁጥራችሁን ከነ251ዱ አድራሻው ላይ አጽፉ፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አትማችሁ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ፖስታ ቤት ሂዱ። ደረሰኝ ከሌለ ዋጋውን የሚገምቱት እነሱ ናቸው።

ስለተሰረቁት ሳይቶች

ብዙዎቻችሁ ያነበባችሁት እዚያ ስለሆነ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ማንጋሙራ የሚባለው ሳይት በ2018 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፣ ያንቀሳቅስ የነበረው ሰው በ2021 እ.ኤ.አ. ሦስት ዓመት ተፈረደበት፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቶኪዮ ፍርድ ቤት ለአሳታሚዎች ከ1.7 ቢሊዮን የን በላይ ካሣ እንዲከፍል ወሰነ። በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ማንጋዴክስ የሚባለው፣ አንባቢዎች ራሳቸው የተረጎሙትን ማንጋ የሚያወጣ ሳይት፣ በአሳታሚዎች ጥያቄ ከ700 በላይ ሥራዎችን በአንድ ጊዜ አነሳ። እዚያ የሰበሰባችሁት ዝርዝር በማንኛውም ቀን ሊጠፋ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሳምንታዊ ማንጋ የሚስል ሰው በየሳምንቱ 20 ገጽ ያስረክባል፣ ረዳቶቹን የሚከፍለው ከራሱ ነው። አንባቢ ያጣ ሥራ ደግሞ ዓመት ሳይሞላው ይቋረጣል። ማንጋ ፕላስ ላይ በነጻ ስታነቡ እንኳ ንባባችሁ ይቆጠራል። አሳታሚው ኢትዮጵያ ውስጥ አንባቢ እንዳለው የሚያውቀው በዚህ ነው። ሌሎች አፖች ለእኛ እንዲከፈቱ ከፈለግን መጀመሪያ መታየት አለብን።

የመጨረሻው ደረጃ፦ ክፍያውን ማቆም

ወርሃዊ ክፍያ የጀመራችሁ ይህንን አትዝለሉት። አፑን ከስልክ ማጥፋት ክፍያውን አያቆመውም። በየወሩ ራሱ ይታደሳል፣ ካርዱ ላይ ዶላር እስካለ ድረስም ይቆርጣል።

አንድሮይድ ከሆነ ፕሌይ ስቶርን ክፈቱ፣ ከላይ በስተቀኝ ያለውን የራሳችሁን ምስል ንኩ፣ ክፍያዎችና ምዝገባዎች የሚለው ውስጥ ግቡ፣ አፑን መርጣችሁ ሰርዙ። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ከላይ ስማችሁን ንኩ፣ ምዝገባዎች የሚለው እዚያ ነው። ብትሰርዙም የከፈላችሁበት ወር እስኪያልቅ ማንበብ ትችላላችሁ። ስለዚህ የሚያዋጣው ክፍያውን እንደጀመራችሁ በዚያው ቀን መሰረዝ ነው፤ ወሩን ሙሉ አንብቡ፣ ለሚቀጥለው ካስፈለጋችሁ ያኔ እንደገና ክፈሉ።